ከዘፋኙ ኋላ ያለችው ብርጭቆ

በለጠች ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን በመዳፏ ጨብጣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻገረች። ከድልድዩ ሥር በደረቀው አሸዋ ላይ ፍየሎች ጥላ ይሻማሉ። የሚያያት ሰው ገንዘብ የያዘች ይመስለዋል። የያዘችው ግን ድምፅ ነው። የልጇ የማርቲ ድምፅ ይሁን የሌላ ሰው፣ እሱን መለየት አቅቷት ሰሞኑን እህል በአፏ አልዞር ብሏታል።

ማርቲ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ከሄደች ሁለተኛው ክረምት ነው። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። «እማዬ፣ ፊደል ተማሪ» ያለቻትም እሷ ናት። «እመቤቲቱ አጠገቤ ስትሆን መናገር አልችልም። ካነበብሽ ግን ተደብቄ እጽፍልሻለሁ።» በለጠችም በዚህ ዕድሜዋ በቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ከሚማሩት ጎልማሶች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቃ ሀሁ ቆጠረች። እሷ ማንበብ ስትጀምር ማርቲ መጻፍ አቆመች። ቀጥሎ ስልኳም ተዘጋ።

ማርቲን የላካት ዓለምሰገድ የሚባል ደላላ ነው። በለጠች ቤቱን አታውቀውም፤ ሁልጊዜ የሚያገኛት ሻይ ቤት ነው። ስትጨቀጭቀው ከረመች፣ እሱም «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲላት ከረመ። በመጨረሻ «እንግዲህ አቤት ማለቴ ነው» አለችው። በማግስቱ ይህን ድምፅ ላከላት፦

«እማዬ፣ ማርቲ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ጉንፋን ብቻ ነው የያዘኝ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው የጠፋሁት። ለማንም አቤት እንዳትዪ፣ ከሥራዬ ታስባርሪኛለሽ። እኔው እደውላለሁ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። በለጠች ጠዋት ስትሰማው እሷ ናት ትላለች፤ ማታ ስትሰማው አይደለችም ትላለች። ጎረቤት ለሁለት ተከፈለ። አቤቱታ የሚቀበሉት ሴትዮ ዘንድ ብትሄድ፣ ሴትዮዋ ድምፁን በጥሞና ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅሽ ደህና ነኝ እያለችሽ ጠፋች ብለን መጻፍ አንችልም። የሷ ድምፅ አይደለም ካልሽ ግን ተመለሺ። ያኔ ሌላ ነገር ነው።»

የሷ ድምፅ ከሆነና በለጠች ከጮኸች፣ የልጇን እንጀራ በገዛ እጇ ደፋች ማለት ነው። የሷ ካልሆነና ዝም ካለች፣ ልጇን በዝምታ ቀበረቻት ማለት ነው። በዚያ ላይ ዓለምሰገድ ሌሎች ልጆች ይዞ በዚህ ሳምንት ወደ ጅቡቲ ሊሻገር ነው የሚል ወሬ አለ። እሱ ከሄደ የሚጠየቅ ሰው እንኳ የለም።

ወደ ዓደን ሱቅ እንድትሄድ የመከራት ጎረቤቷ ሰይፈ ሚካኤል ነው። ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ሰይፉ ይለዋል። ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማና ፊቱን አጨማደደ።

«በዚህች ቆርቆሮ የሰው ድምፅ ይለያል እንዴ በለጡ? ዓደን ጋ ነይ። ማሽኔ እዚያ ነው። በሱ ሰው ሲናገር ትንፋሹ ፊትሽን ይነካሻል።»

ዓደን መጋላ ገበያ ውስጥ ጠባብ ሱቅ አለው፤ ቬንትሌተርና ሬዲዮ ይጠግናል። በለጠች ስትደርስ ጋሽ ሰይፉ እንደተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ከኋላው ባለው ጠረጴዛ ላይ ጥቁር የብረት ሣጥን አለ። በሣጥኑ ጀርባ ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ የመስታወት አምፖሎች ቆመዋል፤ ሆዳቸው ውስጥ ፍም የመሰለ ነገር ይቀላል። ድሮ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ሙዚቃ ያጎላ የነበረ አምፕሊፋየር ነው። አዲሶቹ ሲመጡ ተጥሎ ጋሽ ሰይፉ አነሳው። ዓደን አንዱን አምፖል በጨርቅ ይዞ ነቀለ፤ እንደ ትኩስ ድንች እፍ እያለ ሌላ ሰካ።

«እንዳታጭበረብር» አለ ጋሽ ሰይፉ ለግድግዳው።

«አቦ ዝም በል! ጆሮህን አቅና።»

ዘፈን ተለቀቀ። ድሮ በዚያው ክበብ በአንድ ሠርግ ላይ የተቀዳ ነው። ዘፋኙ ድምፁን ሲያስረዝም ጋሽ ሰይፉ ዓይኑን ጨፈነ።

«ፈረንሳይዋ ናት! ማር! ማር እኮ ናት!»

«ብርጭቆዋን ሰማሃት?»

«የምን ብርጭቆ? እኔ ዘፋኙን ነው የምሰማው።»

«ዞር በል እንግዲህ፣ ሽማግሌ። ሩሲያዋ ናት።»

«አትዋሽ!»

«ወላሂ! ያውልህ፣ እያት።»

ሁለቱ ከሰዓት በኋላቸውን የሚገፉት እንዲህ ነው። ሦስት ዓይነት አምፖል አላቸው። አንዷን ነቅለው ሌላዋን እየተኩ፣ አንዱ ፊቱን አዙሮ፣ በየትኛዋ ዘፈኑ እንደሚያምር ይከራከራሉ። ፈረንሳይዋ አሮጌና ለስላሳ ናት፤ የሻከረውን ሁሉ ታለሰልሳለች። ሩሲያዋ ድምፁን ታወፍራለች። ሦስተኛዋ ከጅቡቲ የመጣች ቻይና ናት፤ እሷን የሚወድ የለም። ብርጭቆዋ ደግሞ የዓደን ፈተና ናት፦ ዘፈኑ ሲቀዳ ከዘፋኙ ኋላ አንድ የሠርግ እንግዳ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል። ያቺን ኮሽታ ያላሰማች አምፖል፣ ዓደን ዘንድ ምንም ብታምር ወድቃለች።

«ቻይናዋን ላግባት?» አለ ዓደን እየሳቀ።

«እሷን ለጠላትህ! ጥርት ትላለች፣ ፍቅር ግን የላትም። ሙሽራ ሳትኳኳል እንደማየት ነው።»

ዓደን በዚህ መሐል በለጠችን በሩ ላይ አያት። ሳቁ ጠፋ። ታሪኩን ከጋሽ ሰይፉ ሰምቶ ኖሮ ምንም ሳይጠይቅ በርጩማውን በመዳፉ ጠርጎ አቀረበላት።

«እህቴ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አድርጊ። ሰው አምፖሏን ካየ የወደዳትን ነው የሚሰማው።»

ስልኳን በቀጭን ገመድ ከሣጥኑ ጋር አገናኘው። በለጠች ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ላይ አፈጠጠች። በጀርባዋ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ፣ ብረት ቀጭ ሲል ሰማች። ከዚያ ጠረጴዛውን የሚያህል ድምፅ ማጉያ «እማዬ» አለ።

ድምፁ እስኪያልቅ ትንፋሿን ያዘች።

«አይደለችም» አለች። «ወይኔ ልጄ! አይደለችም። ማርቲ እንዲህ አትጎትትም።»

ጋሽ ሰይፉ ጉሮሮውን ጠረገ። ጨርቁ እንደገና ተንኮሻኮሸ፣ ብረቱ ቀጭ አለ።

«እማዬ፣ ማርቲ ነኝ...»

በለጠች እጇን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። «እሷ ናት! እመቤቴ ድረሽ፣ እሷ ናት! በአፍንጫዋ ስትናገር ስሙ! ጉንፋን ሲይዛት ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። በዚችኛዋ ደህና አድርጎ ተሰማኝ። የቀድሞዋ አምፖል ናት ያበላሸችው።» እያለቀሰች ሳቀች። «ሦስተኛዋን አልፈልግም፣ በቃኝ። በዚችው ድገምልኝ።»

ዓደን አልደገመላትም። እሷም ዞረች። ዓደን ጨርቁን በእጁ ጨምቆ ወለል ወለሉን ያያል።

«አልነቀልኳትም እህቴ» አለ። «ሁለቱንም ጊዜ ያቺው ፈረንሳይዋ ናት። ጨርቁንና ብረቱን ብቻ ነው ያንኮሻኮሽኩት።»

በለጠች ነገሩ አልገባትም። ጋሽ ሰይፉ ግን ገባው፤ ከወንበሩ ተነሣ።

«ቆይ፣ ቆይ። እኔንም እንዲህ ስትሠራኝ ነው የኖርከው?»

«አንዳንዴ። ማር ስትል ደስ ስለሚለኝ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ይቅር በዪኝ» አለ ዓደን ወደ በለጠች ዞሮ። «ላላግጥብሽ አይደለም። እሷ ናት ብለሽ ብትሄጂ በኔ አምፖል ምክንያት ነበር ዝም የምትዪው። የማልችለው ሸክም ነው። ልብሽ ነው እየሰማ ያለው፣ ጆሮሽ አይደለም።»

በለጠች በርጩማው ላይ ኩርምት አለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰች። ሐዘን ቤት እንደተቀመጠ ሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ ጀመረች።

«ታዲያ ምኔ እናት ነው?» አለች። «አህያ እንኳ የውርንጭላዋን ድምፅ ትለያለች። አሥር ጊዜ ሰማሁት፣ መቶ ጊዜ ሰማሁት። ስፈልጋት ትመጣለች፣ ስፈራ ትሄዳለች። ዓደን፣ በምን ልወቅ? ንገረኝ፣ በምን ልወቅ?»

ጋሽ ሰይፉ ሣጥኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆይቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ የቅድሙ ክርክር ቅሪት እንኳ አልነበረም።

«ዘፋኙን ተይው በለጡ» አላት። «ዓደን ሁልጊዜ የሚሰድበኝ በዚህ ነው። ዘፋኙን የሚሰማ የወደደውን ይሰማል። ብርጭቆዋን ግን ማንም አይወዳትም፤ ስለዚህ አትዋሽም። ማርቲን አትስሚ። ከኋላዋ ያለውን ስሚ።» ከዚያ ለዓደን፣ «ያቺን ቻይና አግባ» አለው።

በዚህ ጊዜ በለጠች ፊቷን አላዞረችም። ዓደን ሲነቅል አየች፤ ሲሰካም አየች። አምፖሏ እስክትሞቅ ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። ዓደን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ማጉያው እንደ ዝናብ ሾ አለ።

«እማዬ፣ ማርቲ ነኝ...» ጆሮ የሚበሳ፣ ደረቅ ድምፅ ነው። በለጠች ልቧ ወደ ድምፁ ሲሮጥ ታወቃት፤ እንደ አስቸጋሪ ከብት ጎትታ መለሰችው። ከኋላ። ከኋላዋ ምን አለ? ትንፋሽ አለ። የሚጮህ ነገር አለ፣ እንጨት የሚሰነጥቅ የኤሌክትሪክ መጋዝ። «ለማንም አቤት እንዳትዪ» ሲል መጋዙ ቆመ። ያኔ፣ ከሩቅ፣ ብረት በብረት ሲመታ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ። ተከትሎ አንዲት ሴት ድምጿን እንደ ገመድ ለቀቀችው፦ «ዐኖ-ኦ-ኦ... ዐኖ ጌል...»

ዓደን እጁን ከሣጥኑ ላይ አነሣ። «የግመል ወተት» አለ በሹክሹክታ። «በኛ በሶማልኛ።»

«ዴቃ ናት» አለች በለጠች።

ዴቃ በጎልማሶቹ ትምህርት ከበለጠች ጋር አንድ ወንበር የምትጋራ ሴት ናት። በየማለዳው ከጀልዴሳ ገጠር ወተት ይዛ ትመጣና ሳቢያን በሚባለው ሰፈር ትሸጣለች። ከመጣራቷ በፊት የጣሳውን ክዳን በቀለበቷ ሦስቴ ትቆረቁራለች። አስተማሪው «ዐ» በይ ሲላት ወተት እንደምትሸጥ ጎትታ ትለዋለች፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ያን ድምፅ በለጠች በእንቅልፏም አትስተውም፤ ልቧም አይመኘው፣ አይፈራው።

«ዓረብ አገር ዴቃ የለችም» አለ ዓደን።

«ስለዚህ ወይ ሌላ ሰው ናት» አለ ጋሽ ሰይፉ፣ «ወይ...»

አልጨረሰውም። በለጠች ግን ጨረሰችለት፦ ወይ ማርቲ እዚሁ ናት። ተመልሳ፣ ታማ ወይም ታስራ፣ ሳቢያን ውስጥ አንድ ግቢ አለች።

በማግስቱ ዴቃ ከመኪና ስትወርድ በለጠች ቆማ ጠበቀቻት። የበለጠች ዓይን በለቅሶ አብጧል። ዴቃ ጣሳዋን መሬት አስቀምጣ ድምፁን ከስልኩ ሰማች። ከስልኩ የራሷ ጥሪ እምብዛም አይሰማም፤ መጋዙ ግን ይሰማል።

«ይሄ መጋዝ የሰገል ነው፣ የአናጢው» አለች። «በኔ መንገድ ሌላ የለም። አባዮ፣ አታልቅሺ። ጣሳውን ያዥልኝ።» «አባዮ» ማለቷ «እህቴ» ነው።

«ያንቺን ጣሳ?»

«አዎ። ወተት የያዘችን ሴት ማን ይፈራል? ደግሞ እንዳትደፊው፣ እንደ ፊደልሽ አያያዝ ከሆነ አልቆልኛል።»

በለጠች ፈገግ ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም። ሳቢያን ገና አልሞቀም። ባጃጆች ልጆችን ጭነው ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። ዴቃ ሦስቴ ትቆረቁራለች፣ ትጣራለች፣ በር ይከፈታል፣ ትቀዳለች። በለጠች በእያንዳንዱ በር ላይ ትሞትና ትነሣለች። ኮርነሩን ሲታጠፉ የሰገል መጋዝ ጮኸ። ከመጋዙ ማዶ ያሉት ግቢዎች አራት ናቸው። ሁለቱን አለፉ። ሦስተኛው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ። «ዐኖ-ኦ-ኦ...»

«ዴቃ፣ መጣሁ! ቆይኝ!» አለ ከውስጥ ድምፅ።

በለጠች ጣሳውን ጣለችው። ወተቱ አሸዋው ላይ ሲፈስ አላየችም። «ማርቲ!» አለች፤ ጮኸች፤ በሩን በሁለት እጇ መታች። «ማርቲዬ! እኔ ነኝ!»

በሩ ተከፈተ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ልጅ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች። በማርቲ ዕድሜ ናት። ማርቲ ግን አይደለችም።

ልጅቷ የበለጠችን ፊት አየች። ፊቷን አይታው አታውቅም፤ ግን ማን እንደሆነች የገባት ይመስላል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አንቺ ነሽ» አለች በለጠች።

«እማማ...»

«እማዬ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ዲና እባላለሁ። እማማ፣ ወላጅ እናቴን ይንሣኝ፣ ክፉ አላሰብኩም። ዓለምሰገድ እናቷ ታማለች፣ ታጽናኛታለሽ አለኝ። አፍንጫሽን ይዘሽ ተናገሪ አለኝ።»

«ማርቲ የታለች?»

ዲና ወደ ግቢው ውስጥ ገልመጥ አለች። ከበሩ ጀርባ ዚፑ የተዘጋ ሻንጣ ቆሟል።

«እሱም አያውቅም» አለች። «ስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ከነበረችበት ቤት ወጥታለች። ወዴት እንደሄደች ዓረብ አገር ያሉት ሰዎቹም አያውቁም። ይጮኻሉ፣ ይሰዳደባሉ። ከዚህ በላይ አልሰማሁም።»

በለጠች በሩን ይዛ ቆመች። እስከ ትናንት ሁለት ማርቲ ነበሯት፤ አንዷ ጉንፋን የያዛት፣ አንዷ የጠፋች። ዛሬ ማለዳ ሦስተኛ ተጨምራላት ነበር፣ ከዚህ በር ኋላ ያለችው። አሁን የቀረችላት የጠፋችው ብቻ ናት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዴቃ ከኋላዋ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ያ ሻንጣ የማን ነው?» አለች በለጠች።

«የኔ። ነገ እንሄዳለን።»

«እሱ የት ነው?»

«ወጥቷል። ይመለሳል።»

«እናት አለችሽ?»

ዲና አቀረቀረች። «አለች።»

«ሻንጣሽን አንሺ። የተናገርሽውን፣ አቤቱታ በሚቀበሉት ሴትዮ ፊት፣ በራስሽ አፍ፣ አፍንጫሽን ሳትይዢ ትናገሪያለሽ። እሺ ካላልሽኝ እዚህ በር ላይ እተኛለሁ፤ ረግጦኝ ይውጣ።»

ዲና ባዶውን ብርጭቆ መሬት አስቀምጣ ሻንጣዋን አነሣች። ዴቃ ባዶ ጣሳዋን ለቅማ፣ ስለ ወተቱ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ መንገድ መሐል ገብታ ባጃጅ አስቆመች።

በለጠችና ዲና ከኋላ ተቀመጡ፤ ሻንጣው በመሐላቸው። ባጃጁ ጭድ ከጫኑ አህዮች ኋላ ተይዞ ሲያዘግም በለጠች እጇን ሻንጣው ላይ ጣለች። ልትጠይቀው የማይገባትን ነገር ልትጠይቅ እንደሆነ ታውቃለች። ፊቷን ከልጅቷ መለሰች፤ ወደ ውጪ፣ ወደሚያልፈው የግንብ አጥር አዞረች።

«እስቲ አንድ ጊዜ ‹እማዬ› በይኝ» አለች።

ዲና እንባዋ ቀደማት። ቢሆንም አለቻት። «እማዬ።»

በለጠች ግንቡን እያየች ሰማች። ድምፁ ቀጭን ነው፣ የፈራች ልጅ ድምፅ። የሰው ልጅ፣ የሌላ እናት ልጅ። ማርቲ የለችበትም። ኖራበትም አታውቅም።

«ንዳው እንጂ አንተ» አለችው ባለባጃጁን። «አህያዎቹን እለፋቸው።»